አንድ ጆንያ ጥቁር አፈር ይዤ ወደ ሞጣ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከቢቸና ተነሣሁ። ጉዳዬ ስለላ ነው! ሞጣ የምትኖረው እኅቴ እቴነሽ የምታሠራው የጭቃ ቤት በተመረገ በሳምንቱ ተሰነጣጠቀ። እማዬ "መራጊው ጭዱን ለበሬው እያበላ ነው" ብላ ከትምህርት ቤት ሰኞንና ማክሰኞን አስፈቅዳ ላከችኝ። "ሲሰርቅ ካየሽው ዛሬውኑ አሰናብቺው።" ክረምቱም ደርሷል። እንደ ወትሮዋ ለምርጊቱ የሚሆን አንድ ጆንያ ጥቁር አፈር ከማሳችን ዝቃ ጨመረችልኝ።

"ጤፍ ነው?" አለ የሚኒባሱ ረዳት።

"አፈር ነው።"

"ሞጣ አፈር አልቋል እንዴ?" ተሳፋሪው ሁሉ ሣቀብኝ። ሃምሳ ብር አስጨመረኝ። እሱንም ጠረጠርሁት።

ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ በቦምቦሊኖ በላሁ። ጉንደ ወይንን ካለፍን በኋላ የመንገዱ ዳር አፈር እየቀላ መጣ።

ሞጣ

መራጊው ጋሽ ደሴ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ጭቃ ይረግጣሉ። ጭዱን ቆጠርሁ፤ ጓሮውን ዞርሁ። ለካ በሬም የላቸው!

"ምን ጠፋሽ፣ ልጄ?"

"ጭድ።"

"እናትሽ ናት የላከችሽ!" ሣቁና ወዲያው ኮስተር አሉ። "ሌባ ከተባልሁ በዚህ ከተማ ማን ይጠራኛል?"

ጆንያዬን ሲያዩማ ባሰባቸው። "እሱን መልሺው። እኅትሽ እየለመነች የምታስጨምረኝ ይህን ነው።"

"ጤፍ እንዴት እንደሚያበቅል ቢያዩ!"

"ግድግዳው ላይ ጤፍ ልዘራ ነው? ይህ ጥቁር ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሸሻል።"

ማመካኛ መሰለኝ። ሁለት ባዶ የሰርዲን ጣሳ ፈልጌ፣ በአንዱ የኛን ዋልካ፣ በሌላው አሸዋ ያለበትን የሞጣ ቀይ አፈር፣ ጭዱን እኩል አድርጌ በገዛ እጄ አቡክቼ ሞላሁ። እንዳይቀያይሩብኝም ፀሐዩ ላይ አስጥቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

ሰኞ ከሰዓት የኛው ከጣሳው ጠርዝ ሸሽቶ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። ቀዩ እንደሞላሁት ነው። ጋሽ ደሴን ይቅርታ ጠየቅሁ።

"እኔስ ግድ የለም" አሉ። "ለእናትሽ ንገሪልኝ።"

ቢቸና

ማክሰኞ ሁለቱን ጣሳ እማዬ ፊት አስቀምጬ፣ ለም አፈር ሁሉ ለግድግዳ እንደማይሆን እንደ አስተማሪ አስረዳኋት።

"ስንት ሰጠሽ?" አለችኝ።

"እማዬ! ራሴ ነኝ ያቦካሁት።"

ጣሳዎቹን እያገላበጠች ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ፣ በየዓመቱ በዚሁ ዋልካ የምንደፍነው የቤታችን ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ጣቷን ከተተች።

"ይህንንስ የመረገው ማን ነበር?"

"አንቺ ነሻ።"

ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።

"ለእቴነሽ ደውዪላት። የተሰነጠቀውን አንሥተው በቀዩ ይምረጉት። ሰውዬው ሲጨርስም ለኛ ይምጣ።" በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። "ጭዱን ግን አንቺ ትቆጥሪያለሽ።"