ሳይቀበር የቀረው ሰውዬ

ጋሽ ቢያዝን በቢቸና የእድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን የሚቀሰቅሱት፣ ድንኳን የሚያስተክሉት፣ ከቀብር የቀረውን የሚቆጡት እሳቸው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ቤት የተከራየችው መምህርት ሉሊት «በጣም ያስቅዎታል» ብላ አንድ የግድያ ልብ ወለድ አዋሰቻቸው።

በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ተገደለ። መርማሪው ሬሳው ፊት ቆሞ ቀለደ፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ቀለደ፤ ይባስ ብላ የሟች ሚስት በባሏ አሟሟት ቀለደች። ጋሽ ቢያዝን ፊታቸውን አጨፍግገው ማንበባቸውን ቀጠሉ። አሁንስ ያለቅሱለት ይሆናል፣ አሁንስ ይቀብሩት ይሆናል እያሉ ገጽ ሲገልጡ መጽሐፉ አለቀ።

በማግስቱ መጽሐፉን፣ የሞተ አይጥ ጭራ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው መለሱላት።

«ገዳዩን ቀድመው አወቁት?» አለቻቸው እየሳቀች።

«ገዳዩን ተይው! ሟቹ የት ተቀበረ?»

ሉሊት አሰብ አደረገች። «እሱማ… አልተጻፈም።»

«ቱ!» አሉ ጋሽ ቢያዝን። «የገደለውስ አንድ ሰው ነው። ሬሳ አጋድማችሁ የሳቃችሁት ግን ስንት ናችሁ?»