የቫንደርሌይ ውሃ ልክ

ጁሬማ ሠላሳ ዓመት የሰው አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። ሪዮ ከተማ ውስጥ የድሆች መንደር ያለበት ኮረብታ ላይ፣ ልጇ ቫንደርሌይ በሠራላት ቤት ብቻዋን ትኖራለች። እዚያ የኮንክሪት ጣራ የሚሞላው በደቦ ነው፤ እሑድ ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ባለቤቱ ጥቁር ባቄላ በአሳማ ሥጋ ቀቅሎ ያበላል። ውሃ ልክ ይዞ የሁሉንም ጣራ የሚያስተካክለው ግንበኛው ቫንደርሌይ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ደቦ ሲወርድ፣ አንድ ፖሊስ ውሃ ልኩን ጠመንጃ ነው ብሎ ከቤታቸው በሚያወርደው ደረጃ ላይ ቫንደርሌይን ተኩሶ ገደለው። የልጇን ደም ያጠበችው ራሷ ናት። ፖሊሱ መከሰሱ ቀርቶ ተሾመ።

አሁን ደግሞ ፊልም ሠሪዎች መጡ። ጀግናቸው ጉቦ የሚበላ፣ ሰው የሚገድል፣ ከገደለ በኋላ ግን የሚያለቅስ ፖሊስ ነው። ሲያለቅስ አንጀት ይበላል አሉ። የማንን አንጀት? ፖሊሱ የሚገድለው ልጅ እናት ሆና እንድትሠራ ጁሬማን የመረጧት ፊቷን አይተው ነው፤ ታሪኳን የጠየቃት የለም። እሷ እሺ ያለችው የልጇን አሟሟት አገር እንዲያየው ነበር።

የቀረጻው ቀን ያው ደረጃ ላይ አንድ ወጣት ተዋናይ እንደ ሞተ ሆኖ ተጋድሟል። እጁ ላይ ሽጉጥ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«ሽጉጥ ነዋ፣ እማማ» አለ ዳይሬክተሩ ኦታቪዮ። «ልጅዎ ትንሽ ዱርዬ ነገር ነው። ፖሊሱ ይንበረከካል፣ እርስዎ አቅፈው ይቅር ይሉታል። አለዚያ ተመልካች አይወደውም።»

«አይወደዋ! ማን ውደዱት አለ?»

«ፊልም እኮ ነው፣ እማማ።»

«ፊልም? ልጄ የሞተው እዚህ ነው! እዚህ፣ አንተ የቆምክበት!»

ቤቷ ገብታ ውሃ ልኩን ይዛ ወጣች። ሽጉጡን ከተዋናዩ እጅ ነጥቃ ኦታቪዮ እግር ሥር ወረወረችው፣ በምትኩ ተዋናዩን ውሃ ልኩን አስጨበጠችው።

«ግንበኛ ነበር። እንዲህ ነበር የያዘው» አለች። «አሁን ፖሊሳችሁ ይምጣና ይንበርከክ። ይቅር አልለውም። ግን ይንበርከክ!»

ኦታቪዮ ተዋናዩ ላይ ጮኸበት፦ «ጣለውና ሽጉጡን ያዝ!»

ተዋናዩ ጁሬማን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑን መልሶ ጨፈነ፤ ውሃ ልኩን ግን አልለቀቀም።