የረቡዕ ሌሊት ውሃ

ባለፈው ሳምንት ከማላውቀው ወጣት አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። በነፃ በማስተዳድረው፣ ማንም ወስዶ በሚጠቀምበት የሶፍትዌር ላይብረሪ ማብራሪያ ገጽ ላይ ያለው የሽንኩርት ምሳሌ ረዝሟልና ይውጣ ይላል። ትሁት ልጅ ነው፤ ምክንያቱንም በሥርዓት ዘርዝሯል። እኔ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በመስኮት የሰው አገር በረዶ እያየሁ፣ በሐሳብ ከቆቃ ማዶ ያለችው ዓለም ጤና ደርሼ ተመለስኩ።

ያኔ ትምህርቴን እንደጨረስኩ አዳማ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ከቶሎሳ ጋር እሠራ ነበር። ለዓለም ጤና መስኖ ተጠቃሚዎች የውሃ ተራቸውን በስልክ መልእክት የሚነግር ፕሮግራም ሠርተናል። የፈረንጁን ቀንና ሰዓት ወደ እኛው የሚቀይረውን ክፍል ግን ከኢንተርኔት ነው የወሰድነው፤ አንድ ሰው ጽፎ ማንም እንዲጠቀምበት፣ ማንም እንዲያርመው የተወው ኮድ ነበር። ማብራሪያው አንዲት መስመር ናት፦ «ቀንና ሰዓት ስጡት፤ የኢትዮጵያን ይመልሳል።» የራስ ምታት ክኒን እንኳ ከዚህ የተሻለ ወረቀት አለው።

በጋ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት የውሃ አባቱ፣ ማለትም በቦዩ ላይ ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ፣ ደወሉ።

«ኑ» አሉ። «ሁለት ሰው አንድ ቦይ ላይ ቆሟል። አካፋ ይዘዋል።»

ሞጆ ላይ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚታጠፉ ከባድ መኪኖች መንገዱን ይዘው አዘገዩን። ቆቃ ስንደርስ የተጠበሰ ዓሣ በሚኒባሱ መስኮት አቀረቡልን፤ ቶሎሳ ገዝቶ በላ። እኔ ግን «ጌታ ሆይ፣ ደም አታሳየኝ» እያልኩ ነበር የምጓዘው።

ቦዩ ዳር ሰው ተሰብስቧል። አካፋ ከያዙት አንዷ አዴ ሹሬ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውን በዚያች ማሳ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። በዚያው ሳምንት የተከሉት የሽንኩርት ችግኝ አንገቱን ደፍቶ መሬት ተኝቷል። ቀጣዩን ተራ እንደማይጠብቅ እኔም ገብቶኛል። ውሃው የሚፈሰው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሐጂ ከድር ማሳ ነው።

«‹ረቡዕ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት› ይላል» አሉ አዴ ሹሬ ስልካቸውን ዘርግተውልኝ። «ረቡዕ ዋለ፣ መሸ፣ በሌሊቱ መጣሁ። ሐጂ ውሃዬ ላይ ቆመዋል።»

«የእኔ ‹ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ› ይላል» አሉ ሐጂ። «ልጄ ሞጆ ወደቡ ላይ ነው። ስልክ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው፣ ሐሙስ የሚገባው እኩለ ሌሊት ላይ ነው ብሎኛል።»

«ልጅዎ ኮንቴይነሩን ያውርድ። ሽንኩርት ውስጥ ምን አገባው?» አሉ አዴ ሹሬ።

በእኛ ዘንድ ሌሊቱ የሚቆጠረው ከዋለው ቀን ጋር ነው። ሊነጋ ላለው ቀን ስንናገር «ለሐሙስ አጥቢያ» እንላለን። አዴ ሹሬ ያነበቡት እንደ አገሩ፣ ሐጂ ደግሞ እንደ ወደቡ ነበር።

ቶሎሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ኔትወርክ ነው በያቸው። በኔትወርክ ጥፋት የማያምን የለም።»

መዋሸቱን ፈራሁ፤ እውነቱን ደግሞ አላውቀውም፤ የኮዱ ማብራሪያ አይናገርማ። ግራሩ ሥር ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩና ኮዱን በየመስመሩ ማንበብ ጀመርኩ። የቆሙት ሰዎች ጥላ ስክሪኑ ላይ ይወድቃል። በመጨረሻ አገኘሁት።

«ኮዱ ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው» አልኩ ተነሥቼ። «ይህን ግን ለማንም አልነገረም። የአዴ ሹሬ ተራ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ማክሰኞ ሌሊት ነበር። አልፏል።»

«እንግዲህ ውሃው የእኔ ነው» አሉ ሐጂ።

አዴ ሹሬ አካፋቸውን ጨብጠው አንድ እርምጃ ወደ ቦዩ ወረዱ። ሐጂም ወረዱ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አካፋ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ሰማሁ፤ ደግሞ ሲገባ። ስገልጥ ሐጂ ከድር ወደ ገዛ ማሳቸው የሚሄደውን ውሃ እየደፈኑ ነው።

«ስልኩ ይሳሳት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሽንኩርቱ ምን አጠፋ?»

አዴ ሹሬ አላመሰገኑም። ከውሃው ቀድመው ወደ ችግኛቸው ሮጡ። የማሳው ታችኛው ጫፍ ሳይተርፍ ቀረ፤ ላይኛው ግን ዳነ። ልንሄድ ስንል እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ።

«ያ ኮድ የምትሉት ሌላም አገር ይወሰዳል?»

«ማንም ይወስደዋል፣ አዴ።»

«የዛሬው በሐጂ አለፈ። ያ ሌላው ሰው ሐጂን ከየት ያመጣል?»

አዳማ ተመልሰን መጀመሪያ የሁሉንም መልእክት አስተካከልን። ከዚያ የኮዱን ማብራሪያ ገጽ እንደ አዲስ ጻፍኩ፤ ቀኑ መቼ እንደሚቀየር፣ ሌሊቱ የየትኛው ቀን እንደሆነ፣ «አጥቢያ» ምን እንደሆነ። ለምሳሌ ያቀረብኩት ውሃ የሚጠብቅ የሽንኩርት ማሳ ነው። የኮዱ ባለቤት «የሚጠቀምበት ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር» ብሎ የላክኩለትን ተቀበለኝ፤ ከዓመታት በኋላም ሥራውን ለእኔ አስረከበ።

ማብራሪያ መጻፍ ፊቱን ለማላየው ሰው የመጸለይ ያህል ይሰማኛል፤ ማን ዘንድ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚደርስ አላውቅም። ሻዬን አሞቅኩና ለልጁ መለስኩለት፦

«ልክ ነህ፣ ረዥም ነው። የቀረውን እንደ ወደድክ አሳጥረው። ሽንኩርቱን ግን ተወው፤ ሐጂ ከድር በሁሉም ቦይ ላይ የሉም።»