የተዋሰው ደረት

ሰውየው ቀለም ቀቢ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሰው ኮርኒስ ሲቀባ ኖሯል። የሥራ ጓደኞቹ «መሰላል» ይሉታል። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን ከመሰላል ላይ ማን ያውርደው ብለው ነው። ምሳውን እንኳ እዚያው ሦስተኛው እርከን ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው። ከታች ሆኖ ግድግዳ ቀባ ቢሉት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ አንድ ቀን እዚያው ላይ እንዳለ ዓለም የዞረችበት። ሥራው የአንድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ሮለሩን ጥጉ ላይ ሊያሳርፍ ቀና ሲል ኮርኒሱ እንደ ወፍጮ ተሽከረከረ። መሰላሉን በሁለት እጁ ጥምጥም አድርጎ ያዘ፤ የቀለሙ ባልዲ ግን የሚይዘው አጥቶ ሄደ። የሄደውም ወደ ሌላ ቦታ ሳይሆን ከታች ግድግዳ ሲያለሰልስ በነበረው በሚስቱ ወንድም አናት ላይ ነው።

የሚስቱን ወንድም «ጀሶ» ይሉታል፤ ሥራው ጀሶ ነውና። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከረጢቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ትንፋሽ እንኳ አይቆርጠውም። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እህቱ፣ የቀቢው ሚስት ናት። አንድ ጉድለት ብቻ አለው ይባላል፤ ወሬ መሀል ፈዘዝ ይላል። አንድ ነገር ጀምሮ ይቆምና ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሠራተኞቹ «ሄደ!» ብለው ይስቁበታል፤ ወዲያው ይመለስና እሱም አብሮ ይስቃል።

«ለእህቴ ምን ልበላት?» አለ ጀሶ፣ ነጩን ቀለም ከዓይኑ ላይ እየጠረገ።

«ምንም አትበላት! ሸበትኩ በላት!»

ጀሶ ምንም አላለም፤ ጆሮው ውስጥ የቀረው ቀለም ግን ተናገረ። ሚስትየዋ መምህርት ናት፤ የሰው ፊት አይታ ማን እንደኮረጀ የምታውቅ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም አወጣጣቻቸው። ለካስ ባሏ አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ሲገለበጥም ቤቱ ይዞርበታል፤ ለካስ ይሄ ነገር ከጀመረው ሁለት ወር ሆኖታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ነገ ሐኪም ቤት ነን!» አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ የሚያዞራቸውንና የሚወድቁ ሰዎችን የምታጠና ዶክተር ነበረች። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ ስታወራ እስክሪብቶዋን የምታሽከረክር ሴት ናት። እሱ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር ማየት አልቻለምና ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተከለ።

«ማዞር ሦስት በር አለው» አለችው። «አንዳንዱ ሰው ላይ በልብ ይገባል፣ አንዳንዱ ላይ በጭንቅላት፣ አንዳንዱ ላይ በጆሮ። ሰው ደግሞ ሁሉንም 'አዞረኝ' ነው የሚለው። እኛ የምናጠናው በየትኛው በር እንደገባ ቶሎ የሚለይበትን መንገድ ነው። ጥናቱ ውስጥ ከገቡ ሦስቱም ይታይልዎታል።»

«ጆሮ? የኔ ጆሮ እኮ ጉንዳን ስትሄድ ይሰማል።»

«ለመስማት ብቻ መሰለዎት? ቀጥ ብለው የሚቆሙትም በእሱ ነው።»

ይኼን ያህል አልሰጋም። ያሰጋው ቀጥሎ ያለችው ነው። «ነገሩ የልብ ከሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ መሰላል የሚባል ነገር ይረሳሉ።» መሰላልን መርሳት! ያለ መሰላል ማን ነው እሱ? እጁ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ይኼን እያሰበ ጥናቱ ውስጥ ለመግባት ፈረመ።

የጭንቅላቱ ፎቶ ተነሣ፤ ደህና ነው ተባለ። ቀጥሎ ነርሷ የልብ ምት የሚመዘግብ መቅጃ ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ናት፤ ከእሷ ባለቀለም ሽቦዎች ይወጣሉ። «ሦስት ቀን ከገላህ አይለይ። ውሃ አይንካው፣ አይቆሽሽ። ባዞረህ ቁጥር ሰዓቱን ከነሥራህ እዚህ ደብተር ላይ ጻፍ። ተለጣፊው ከለቀቀ መለወጫ ይኸው፤ ቀዩ በቀኝ፣ ቢጫው በግራ፣ አረንጓዴው ከታች።»

«ቀለም ለኔ ትነግሪኛለሽ፣ ሲስተር?» አላት።

ሁለቱን ቀን ቤት ዋለ፤ ሚስቱ ፈቃድ ወስዳ እንደ እስረኛ ጠበቀችው። በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቿን መፈተን ነበረባትና ሄደች። በሩ ሲዘጋ እሱም ተነሣ፤ አዳራሹ በሳምንቱ መጨረሻ መመረቅ አለበት፣ ኮርኒሱ ገና አንደኛ እጅ እንኳ አልተቀባም። መሰላሉ ሥር ሲደርስ ግን ቆመ። ደረቱ ላይ ያለችው ሰላይ ናት። እላይ ወጥቶ ቢያዞረው ትጽፍበታለች። ከጻፈች ደግሞ አለቀ።

እንዲህ ዓይነት ሐሳብ የሚመጣው ለእሱ ብቻ ነው መቼስ። ዘወር ሲል ጀሶን አየው። የጀሶው ሥራ ስላለቀና እየደረቀ ስለሆነ ልጁ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የግድግዳውን ጠርዝ የሚሸፍኑበትን ፕላስተር እየቆረጠ ነበር።

«ና እስቲ፣ ሸሚዝህን አውልቅ።»

«ምን ልትሆን ነው ጋሼ?»

«ይቺ ዕቃ ቀለም እንዳይነካት ተብያለሁ። ከገላ አትለይ ነው ያሉኝ፤ ያንተም ገላ ገላ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያዛት።»

«ይሄ ነገር ልክ ነው ግን?»

«አንተ ደግሞ! እንዳንተ ያለ ጤነኛ ልብ ከየት ታገኛለች? ደስ ይላታል።»

ቀዩን በቀኝ፣ ቢጫውን በግራ፣ አረንጓዴውን ከታች፤ ስንዝር አልሳተም። የቀለም ሰው ነዋ! ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጀሶ ከነመቅጃው በረንዳ ላይ ዋለ። ቀቢው እላይ ሆኖ ሁለቴ ዞረበት፤ ሁለቴም መሰላሉን አቅፎ አሳለፈው። ማታ ደብተሩ ላይ «ሰላም ዋልኩ» ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ እጁ ትንሽ እንኳ አለመንቀጥቀጡ እስከ ዛሬ ይገርመዋል።

መሣሪያዋን በመለሰ በሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። «አሁኑኑ ይምጡ፣ እንዳይነዱ» አለች ዶክተሯ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ሚስቱ ፈተና ላይ ናት፤ ብቻውን ሄደ። ሲወጣ ጀሶ ሮለሩን ከእጁ ተቀበለውና «አንተ እስክትመለስ ሁለተኛውን እጅ እኔ እቀባው የለ?» አለ።

ዶክተሯ ረጅም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እስክሪብቶው ዛሬ አይሽከረከርም። «ይኼ የልብዎ ምት ነው። እዚህ ጋ ያዩታል? ይኼ ባዶ መስመር ስድስት ሰከንድ ነው። ስድስት ሰከንድ ሙሉ ልብዎ አልመታም። ሦስት ጊዜ ሆኗል፤ ነቅተው ሳሉ፣ በቀን። ምንም አልተሰማዎትም?»

«ኧረ ምንም።»

«ዕድለኛ ነዎት። አንድ ቀን አሥር ሰከንድ ይሆናል፤ ያን ቀን መሰላል ላይ ከሆኑ… አሁን አልጋ እናስይዝዎታለን። ምቱን የሚጠብቅ ትንሽ መሣሪያ ከቆዳ ሥር ይገባል። የሚገርመኝ ግን የሞገዱ ቅርጽ ከዚህ ጀምሮ መለወጡ ነው። ከባልደረባዬ ጋር ስንከራከር ነው ያደርነው። ሁለት ልብ አለዎት እንዴ?»

ቀቢው ወረቀቱን ጠጋ ብሎ አየ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ዘጠኝ ባለው።»

ያን ጊዜ ሳቀ። ከት ብሎ ሳቀ፤ ጉልበቱን መታ። «የኔ አይደለም! ተመስገን ጌታዬ፣ የኔ አይደለም!» ደረቱ ላይ የተጫነው ቋጥኝ ተንከባሎ የወረደለት መሰለው። መሰላሉ ተመለሰለት፣ ሥራው ተመለሰለት።

«የማን ነው ታዲያ?» አለች ዶክተሯ።

ሳቁ አፉ ውስጥ ደረቀ። ከወንበሩ እንዴት እንደተነሣ አያውቅም። «የሚስቴ ወንድም ነው… እኔ ነኝ የለጠፍኩበት… አሁን መሰላል ላይ ነው ያለው።»

ዶክተሯ አልጮኸችበትም፤ ስልኩን ብቻ ወደ እሱ ገፋችለት። ጀሶ አያነሣም። ደገመ፤ አያነሣም። በሦስተኛው ለአዳራሹ ዘበኛ ደወለ።

«አባባ፣ ጀሶ የት ነው?»

«እላይ ነው ልጄ። ይዘፍናል፤ ድምፁ እንኳ አያምርም።»

ቀቢው አፉን ከፈተና ዘጋው። ልብህ ሊቆም ነው ውረድ ቢባል ልጁ ደንግጦ እዚያው ቢወድቅስ? ሥራ ይቁም ቢባል «ይቺን ጥግ ልጨርስ» ይላል፤ የሥራ ሰው ሁሌም አንድ ጥግ ይቀረዋል። አንድ ሐሳብ እንደ መብረቅ ብልጭ አለለት።

«አባባ፣ ቀስ ብለው፣ ሳይጮኹ እንዲህ ይበሉልኝ፤ ቀለሙ ተሳስቷል፣ ለመጸዳጃ ቤት የመጣውን ነው ኮርኒሱ ላይ የምትቀባው።»

ይኼን ሰምቶ እላይ የሚቆይ ሠራተኛ አልተፈጠረም። በስልኩ ውስጥ የመሰላሉ እርከን ሲንቋቋ ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ከዚያ የጀሶ ድምፅ ጆሮውን ሊቀድደው መጣ።

«የትኛው ደንቆሮ ነው የተሳሳተው? ጋሼ፣ እኔ ባልዲው ላይ አንብቤያለሁ! እኔ እኮ ዓይን አለኝ፣ እኔ እኮ…»

ዝም አለ።

ቀቢው ይኼን ዝምታ ስንት ዓመት ያውቀዋል። ስንቴ «ሄደ!» ብሎ ስቆበታል። አሁን ግን በልቡ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…

«…ሃሎ? ምን እያልኩህ ነበር?»

«ቁጭ በል ወንድሜ» አለ ቀቢው። «መሬት ላይ ቁጭ በል፣ በሞቴ። ከተነሣህ አልምርህም። መኪና እየመጣልህ ነው።»

«ለቀለም ስህተት መኪና?»

በማግስቱ ጠዋት መሣሪያው ገባለት። ከቆዳው ሥር ጉብ ያለች፣ የሰዓት ፊት የምታህል ነገር። ከሰዓት በኋላ ጀሶ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነርሷን «ሰላይዋን አስገባችሁብኝ አይደል?» እያለ ሲያስቃት ነበር። እንቅልፍ ይመስለው የነበረው ፍዝዝታ ሁሉ ሄዷል። «አሁን የጀመርኩትን እጨርሳለሁ፤ ቻሉኝ እንግዲህ» ይላል።

ቀቢውም ከዶክተሯ እጅ አላመለጠም። ሰማችው፤ ውሸቱን ከነዝርዝሩ መዝገቡ ላይ ጻፈች፤ የሦስተኛውን ቀን ወረቀት ከጥናቷ ሰረዘች። ሁለተኛ ሦስት ቀን መቅጃውን አስለጠፈችው። የራሱ ልብ ምንም እንከን አልተገኘበትም። የቀረው ጆሮ ነበርና አልጋ ላይ አስተኛችው፤ ራሱን ወደ ቀኝ አዙራ ወደ ኋላ ስትጥለው ቤቱ ተገለበጠ። እሷ ዓይን ዓይኑን እያየች «ይኸውልህ!» አለች፣ 'እርስዎ'ን በደስታ ረስታ። ጆሮ ውስጥ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ አለችው፤ ከቦታቸው ሸሽተው ነው የሚያዞሩት። ራሱን ቀስ እያለች ከቀኝ ወደ ግራ መለሰችው፣ በጎኑ አስተኛችው፣ አስነሣችው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

«ይኼው ነው?» አለ።

«ይኼው ነው። ከተመለሰ ይመጣሉ።»

ቀና አለ፤ ኮርኒሱን አየ፤ ኮርኒሱ ቦታው ላይ ነው። ጥጉ ላይ ቀለሙ ተላጧል፤ ሳያስበው በየት በኩል እንደሚጀምር ያሰላ ጀመር።

ቤት ግን ሌላ ፈተና ጠበቀው። ሚስቱ በመጣ በሄደው ሰው ፊት ስታመሰግነው ሰነበተች። «እሱ ባያደርግለት ኖሮ ወንድሜን ቀብሬው ነበር» ትላለች። ውዳሴው እንደ እሾህ ወጋው። አንድ ከሰዓት፣ የተማሪ ወረቀት ስታርም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አንቺ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። መቅጃዋን ቀለም እንዳይነካት ብዬ አይደለም የሰጠሁት። እንዳትነግርብኝ ብዬ ነው።»

«ይኼንንማ ያን ቀኑን ዐውቄዋለሁ። ሌላስ?»

«ዶክተሯ ልብህ ቆሟል ስትለኝ፣ የእሱ መሆኑ ሲገባኝ… መጀመሪያ ሳቅሁ። የኔ አይደለም ብዬ ተመስገን አልኩ። ወንድምሽ እላይ ተሰቅሎ እኔ ሳቅሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችው።

«እንኳን ሳቅህ» አለችው። «ባትስቅ ኖሮ 'የማን ነው' ብሎ የሚጠይቅህ አልነበረም። አፍረህ ዝም ብትል ነበር የማልምርህ።»