ከሐይቁ ማዶ የምትመጣው ነፍሰ ጡር

ሴትዮዋ የእርግዝና ክትትል ቀጠሮዋን አሳልፋ አታውቅም። በብርድ በረዶ የሆነውን ሐይቅ በረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ተሻግራ ትመጣና የወንድ ካፖርቷን አውልቃ፣ ሳትጠየቅ ክንዷን ለደም ግፊት ትዘረጋለች። ደሟንም ሽንቷንም ሳታንገራግር ትሰጣለች። ከአገሬው የክሪ ቋንቋ ለነርሷ የሚያስተረጉሙት እማማ ሃሪየት እንዲህ ያለች ሥርዓተኛ ነፍሰ ጡር አላዩም። የምትዋሸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?» ትላታለች ነርሷ።

«ብርዱ ሲገባ፣ ዝይዎቹ ወደ ደቡብ ሲሄዱ።»

ነርሷ ሆዷን በሜትር ስትለካው ግን ከተናገረችው ጊዜ በአምስት ሳምንት ይበልጣል።

«ልጅሽ ዝይዎቹን ቀድሟቸዋል» አሏት እማማ ሃሪየት።

«አባቱም ችኩል ነው።»

እማማ ሃሪየት ነገሩ ገብቷቸዋል። እዚህ መንደር ማዋለጃ የለም፤ ወሯ የተቃረበ ሴት በአውሮፕላን ወደ ሩቁ ዊኒፔግ ከተማ ተልካ ምጧን እዚያ ትጠብቃለች። ሴትዮዋ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው እንዲያ ነው። «ስድስት ሳምንት ከግድግዳ ሰዓት ጋር ኖርኩ» ብላቸዋለች፣ የሰው ወሬ እንደምታወራ።

ዛሬ ግፊቷ ከፍ ብሏል። ነርሷ ደግማ ለካችው፤ አልወረደም።

«ለልጁም ላንቺም አደገኛ ነው። ወሩን በትክክል ንገሪኝ።»

ሴትዮዋ ቁጥሩን ራሷ አየችው።

«ዝይዎቹ ሳይሄዱ፣ የዱር ፍሬ ስንለቅም ነው» አለች።

ነርሷ የጉዞውን ቅጽ አወጣች። «አብሮሽ የሚሄድ ሰው አለ?»

«የለም። ባሌ ልጁን ይጠብቃል።»

እማማ ሃሪየት እስክሪብቶውን ተቀብለው የራሳቸውን ስም ጻፉ።

«ያንኮራፋሉ እንዴ፣ እማማ?»

«ባሌ ሌላ ክፍል ነው የሚተኛው።»

ሴትዮዋ ካፖርቷን አነሳች።

«ይሁን» አለች።