የሸክለኛዋ ንፍሮ

ባለፈው እሁድ ልጄን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ዓለም ባንክ ወዳለው ቤቴ መጡ። ጨዋታው ሞቅ ሲል አንደኛው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "መቼም ለወጉ ያህል ነው፤ ዘራችሁ ከወዴት ነው?" አለ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ታናሽ ወንድሜ "አያቶቻችን ጨዋ ገበሬዎች ነበሩ" ብሎ ዘጋው። እኔም ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባልዲና ብረት ድስት ስነግድ ደንበኛ ሸውጄ አፍሬ አላውቅም። በዚያች ዝምታ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

አያታችን ሸክለኛ ነበረች። እናታችን ስትሞት እኛን አራት ወንድምና እህቶች ሰብስባ ያሳደገችን ኮልፌ፣ ወንዙ ዳር በነበረች የጭቃ ቤት ውስጥ፣ ሸክላ እየሠራች ነው። እማዬ ነበር የምንላት። ሰፈሩ ድስቱንም እንስራውንም ጋኑንም ከእሷ ይገዛል፤ ከእጇ ግን እህል አይቀምስም። ቡዳ ናት ይሏታላ! እሷ ስታልፍ ሕፃን ይሸፍናሉ። ዓይኗ እንደሚሉት የሚበላ ቢሆን ኖሮ እኛ ስንት ቀን ጦማችንን ባላደርን።

እድሩ ውስጥ ግን ነበረች። ለቅሶ ሲኖር ሴቶቹ ከየቤታቸው ንፍሮ ቀቅለው ያመጣሉ። የጓዳው አዛዥ እትዬ አስካለ የሁሉንም ተቀብለው ትልቅ ሰፌድ ላይ ይደባልቁታል። የእማዬ ሳህን ሲሆን "ይሄ ለኋላ ይሆናል" ይሉና ግድግዳ ሥር ያስቀምጡታል። ያ "ኋላ" አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ለቅሶው ሲበተን ሳህኗን እንደሞላ ይዛ ትመለሳለች። የቀዘቀዘውን ስንዴና ባቄላ እኛ እንበላዋለን። ንቀት ተቀቅሎ ምን ምን እንደሚል እኔን ጠይቁኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ሐምሌ ላይ፣ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጡረተኛ አረፉ። ድንኳን የተከልነው እኛ ወጣቶቹ ነን፤ የምናስተናግደውም እኛው። ጓዳ ስገባ የእማዬ ሳህን እንደ ልማዱ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። አንስቼ ድንኳኑ ውስጥ ማዞር ጀመርኩ። ሰው እፍኝ እፍኝ እያነሳ ይበላል። አንድ አዛውንት እንዲያውም "ጥሩ በስሏል፤ ጨምርልኝ ልጄ" አሉኝ።

እትዬ አስካለ ከጓዳ ብቅ ሲሉ ሳህኑን አወቁት።

"ኧረ በሥላሴ! የሸክለኛዋ እኮ ነው!"

እጆች ባሉበት ቀሩ። አንዱ መሐረቡ ውስጥ ተፋ። ጨምርልኝ ያሉት አዛውንት የያዙትን መሬት ላይ አራግፈው አማተቡ።

"ታዲያ ውሃውንስ ለምን አትተፉትም?" ብዬ ጮህኩ። "ከጠዋት ጀምሮ የሚቀዳላችሁ ጋን የማን እጅ ነው? በየቤታችሁ ያለው የወጥ ድስትስ?"

እማዬ ከሴቶቹ ጫፍ፣ ከተቀመጠችበት ተነስታ መጣች። ሳህኑን ከእጄ ወስዳ በሌላ እጇ ክንዴን ጭምቅ አደረገችኝ።

"ጋኑን አታንሳ" አለች በሹክሹክታ። "ንፍሮውን ይድፉት። የሚያበላን ጋኑ ነው።"

ነገሩ የገባኝ በሳምንቱ ነው። ሰፈሩ የተናገርኩትን አሰበበት። እህሏ ካስፈራ ዕቃዋስ? ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ! ገዢ ጠፋ። አንዷማ የገዛችውን ድስት አምጥታ በራችን ላይ ከሰከሰችው። ክረምት ደግሞ ለሸክላ ክፉ ነው፤ ጭቃው አይደርቅም፣ ማገዶው ይጨሳል፣ ግማሹ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። የተረፈውን አዝላ፣ ማንም ወደማያውቃት ወደ ሳንሱሲ ገበያ፣ በዚያ በጭቃ መንገድ በእግሯ ትመላለስ ጀመር። እኔም ተሸክሜ እከተላታለሁ። አንድ ቀን መንገድ ላይ "አጠፋሁ እማዬ" አልኳት።

"ቀስ በል፤ ያዳልጣል" አለችኝ። ስለዚያ ነገር ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

ኅዳር ላይ ሌላ ሰው ሞተ። ስገባ ንፍሮ ጥዳለች።

"ደግሞ ልትወስጂላቸው ነው?"

"እድሩ ንፍሮ አምጡ አለ እንጂ ይበላላችኋል አላለም። እኔ የኔን ላድርግ።"

ወሰደች። እስክትሞት ድረስ ወሰደች። ይህን የሰማ ሁሉ "አቤት ትዕግስት!" ይላል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ትዕግስት የምትባለው ቃል የምትጣፍጠው ሌላው ሲታገሥላቸው ለኖሩት ነው። አራት ሆድ ታቅፋ ከዝምታ ሌላ ምን ነበራት? እኔን ነጋዴ፣ ወንድሜን አስተማሪ ያደረገን ያ የዋጠችው ቃል ነው፤ ይህን አልክድም። ግን እሱ ከዚያው ፍርሃቱን ወረሰ፣ እኔ ንዴቱን።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ወንድሜን ያዝኩት። "የልጅቷን ዕድል ልትሰብር ነው?" አለኝ። አፌ አንድ ጊዜ ቤተሰብ አስርቧል። ስለዚህ ልጄን ጠርቼ ሁሉንም አጫወትኳት። "አባዬ፣ አክስቴ ድሮ ነግራኛለች። ልጁም ያውቃል። የማያውቁት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው፤ ንገራቸው" አለች።

የፊታችን እሁድ ይመለሳሉ። እነግራቸዋለሁ። መሄድ የፈለገ ይሂድ፤ እውነት ስለተናገርኩ ጦሙን የሚያድር ልጅ ዛሬ እዚህ ቤት የለም።