ፀጉራሞቹ በመቂ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ከዱከም ወደ አዳማ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከፋብሪካ የወጡ ልጃገረዶች ሞልተውታል፤ ግማሾቹ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሾፌሩ አንዱን ዘፈን ዘጋና ሌላ ከፈተ። ጊታሩ ገና ሲጀምር አወቅሁት። የፊቴን ወንበር ጨብጬ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አየችኝና፣

«እማማ፣ አሞዎት ነው? መስኮቱን ልክፈትልዎት?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ። ዘፈኑን ስለምወደው ነው።»

ግራ ገብቷት ፈገግ አለች። እውነቴን ግን ነበር።

ዘፋኞቹ እንግሊዞች ናቸው፤ እኛ ቤት ግን በስማቸው ጠርቷቸው የሚያውቅ የለም። ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ግድግዳ ላይ በለጠፈው ፎቶ ፀጉራቸው ትከሻቸውን አልፎ ስለሚታይ፣ እናቴ «ፀጉራሞቹ» ብላ ስም አወጣችላቸው፤ በዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ናዝሬት ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ሙቀት ፈልጎ በሚወርድ ሰው ትሞላ ነበር። ደረጀ በአንድ ሆቴል ግቢ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ጊታር ሲነካካ፣ አንዱ ልጅ የፀጉራሞቹን ካሴት ቀድቶ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ፀጥታ አላየም። እናቴ መጀመሪያ «ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ጠብ?» ትል ነበር። ኋላ ግን ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው ከከበሮው ጋር እኩል ሲወርድ ያዝናት። እኔማ ከደረጀ ብሼ ነበር፤ ቃሉን ሳላውቅ ዜማውን እያንጎራጎርኩ ውሃ እቀዳለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ።

ከዚያ አፈሳው ጠና። ለሰሜኑ ጦርነት ጎረምሳ ከየመንገዱ እየተያዘ ይጫን ጀመር። የጎረቤታችን ልጅ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ቀረ። እናቴ ደረጀን ደጅ እንዳይወጣ፣ ካሴቱንም እንዳይከፍት ከለከለችው። ድምፁ ራሱ «እዚህ ወጣት አለ» ብሎ የሚያሳብቅ መሰላት። በመጨረሻ ቡልቡላ አክስታችን ዘንድ ይደበቅ ተባለ።

የሚወስዱን የአባቴ ወዳጅ የነበሩት ጋሽ አወል ናቸው። የአርሲ ሰው ናቸው፤ በጭነት መኪናቸው ከመቂ ቲማቲም አምጥተው ናዝሬት ያራግፉና ባዶውን ሣጥን ይዘው ይመለሳሉ። አንድ ጠዋት ደረጀን ከጋቢናው በስተኋላ፣ በሣጥኖቹ መካከል ባበጁለት ክፍተት አስገቡት። ሊገባ ሲል ካሴቱን ሰጣቸው።

«ጋሽ አወል፣ ይቺን ይክፈቱልኝ። እሷን እስከሰማሁ ድረስ ሰላም ነው ብዬ እቀመጣለሁ። ከዘጓት ኬላ ነው፤ ትንፋሼን እይዛለሁ።»

«አብሽር» አሉት። «ኢንሻ አላህ ቡልቡላ ድረስ ትዘፍናለች።»

ሴት ካለች ብዙም አይጠረጠርም ተብሎ እኔ ጋቢና ተቀመጥኩ። የውሃውን ጀሪካን ለደረጀ ማቀበል ረስቼ እግሬ ሥር እንዳለ ያየሁት ሞጆን ካለፍን በኋላ ነው።

ከቆቃ አለፍ ብሎ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጋሽ አወል ካሴቱን ዘጉ። አንድ ቀጭን ወታደር ጎማው ላይ ወጥቶ በሣጥኖቹ መካከል አየ፤ በጣም ቆየ። ጋሽ አወል መሪውን ጨብጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ወታደሩ ወርዶ ለአለቃው «ባዶ ሣጥን ነው» አለ። እፎይ ከማለቴ ያው ቀጭን ወታደር የጋቢናውን በር ከፈተ።

«ጋሼ፣ መቂ ድረስ ያድርሱኝ።»

ጠመንጃ የያዘን ሰው ማን እምቢ ይላል? ወደ መሃል ተጠጋሁለት። የጠመንጃው ዘይት ይሸተኛል። ፊቱን ሰርቄ ሳየው የደረጀ እኩያ ነው። ጋሽ አወል ካሴቱን መልሰው ከፈቱ፤ ፀጉራሞቹ እየጮኹ ተጓዝን። ፀሐዩ ከረረ፤ አቧራው በየቀዳዳው ይገባል። ከኋላችን ደረጀ ያለ ውሃ ተቀብሯል።

ካሴቱ አለቀና ቀጭ ብሎ ቆመ። ላዞረው እጄን ስዘረጋ ወታደሩ ቀድሞኝ አወጣውና እያገላበጠ ያየው ጀመር።

«የፈረንጅ ነው? ምን እያለ ነው?»

ካሴቱ ዝም ሲል ደረጀ ኬላ ነው ብሎ ትንፋሹን እንደሚይዝ አውቃለሁ። ወዲያው ጉልበት ከእንጨት ጋር የተጋጨ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ አወል ሊሸፍኑት ጮክ ብለው ሳሉ። እኔ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«አገሩ መግባት አምሮት ነው። እናቱ ትጠብቀዋለች።»

«ሩቅ ነው አገሩ?»

«ሩቅ ነው።»

«የኔም ሩቅ ነው» አለ። «ወሎ። ከገበያ ነው የወሰዱኝ።» ካሴቱን ራሱ አዙሮ ከተተና «ድምፁን ከፍ አድርጊው» አለኝ።

ዓለም ጤና ላይ ሌላ ኬላ ነበር። ጋሽ አወል ሊቆሙ ሲሉ ወታደሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ተፈትሿል!» ብሎ ጮኸ፤ አሳለፉን። እኔ ዕድላችን ነው ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

መቂ ስንደርስ አየሩ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ደላሎች ይጯጯኻሉ። ወታደሩ ወረደ፤ በሩን እንደያዘ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ከከተማው እንደወጣችሁ ውሃ ስጡት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከንፈሩ ደርቋል።»

በሩን ዘግቶ በሽንኩርት ጆንያዎቹ መካከል ሄደ። ጋሽ አወል ማርሹን አስገቡ። «ያ አላህ» ብቻ አሉ። ከመቂ ወጥተን አንድ ግራር ሥር ቆምን። ደረጀ እርጥብ ጨርቅ መስሎ ወጣ፤ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲያበቃ፣

«ለምን ዘጋችሁት? ወርጄ ልሮጥ ትንሽ ነበር የቀረኝ!» አለ። እኔ አቅፌው አለቀስኩ።

ጦርነቱ እስኪያልቅ ቡልቡላ ቆየ። ሲያልቅ ደግሞ የተበተኑት ወታደሮች ጫማቸው ተበጣጥሶ በናዝሬት አውራ ጎዳና ያልፉ ጀመር። እናቴ ዳቦና ቆሎ ይዛ ትወጣለች፤ እኔም እከተላታለሁ። የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ «የወሎ ልጅ ነህ?» እላለሁ። ብዙ የወሎ ልጆች አገኘሁ፤ እሱ ግን አልነበረም። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ደረጀ ዛሬ ሸምግሏል፤ አዳማ ውስጥ ሱቅ አለው። ልጠይቀው ስሄድ ፀጉራሞቹን ይከፍትልኛል፤ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጠረጴዛ ይመታል። እሱ የሚሰማው ጊታሩን ነው። እኔም እወዳቸዋለሁ፤ አንዷም ዘፈን አልሰለቸችኝም። ነገር ግን የመጀመሪያው ድምፅ ሲመጣ ያ ወታደር ትዝ ይለኛል። ያ ልጅ አለቃው ደርሶበት ይሆን? ከዚያ ወዴት ላኩት? እናቱስ አገኘችው? ያን ቀን የፈራሁት ለወንድሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኖርኩት ዘመን ሁሉ የምፈራው ለእሱ ነው።